ጆሮው የተደፈነ ሬዲዮ፦ ከሐይቅ ዳር የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ጠዋት ከደሴ በሚኒባስ ወደ ሐይቅ ከተማ ወረድኩ። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ቴስተር፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሁለት ናስትሮ እና እናቴ የቋጠረችልኝ ዳቦ አለ።

የጠሩኝ በሐይቁ ላይ ሰው የሚያመላልሱ ልጆች ናቸው። ተደራጅተው ያገለገለ የፋይበር ጀልባ ገዝተዋል፤ ርዝመቱ ሰባት ሜትር ይሆናል። ከጀልባው ጋር የባሕር ሬዲዮ አብሮ መጣላቸው። ሻጩ «ይሠራል» ብሎ ነው የሰጣቸው። አልዋሸም፤ መብራቱ ይበራል።

ሬዲዮውን እንዲያስቡበት ያደረጋቸው ባለፈው ክረምት የደረሰባቸው ነገር ነው። አመሻሽ ላይ ሞተሩ መሀል ውሃ ላይ ጠፋባቸው። ስልክ የያዘው አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ እሱም ባትሪው አልቋል። ነፋስ ሲገፋቸው አድሮ ንጋት ላይ አንድ ዓሣ አጥማጅ አገኛቸው። ማንም አልተጎዳም። የሊቀ መንበሩ እናት ግን ልጃቸውን «ወይ ሬዲዮውን አሠራው፣ ወይ ጀልባውን ሽጠው» አሉት።

ችግሩ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩ። «ዳር ሆነን ስንነጋገር ይሰማል። ገባ ስንል ይጠፋል።» ዳር ላይ የሚጠብቀው ልጅ የእጅ ሬዲዮ ይዟል። ጀልባው ላይ ያለው ቋሚው ነው፣ 25 ዋት።

እዚህ ላይ ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ። ሐይቁ ትልቅ አይደለም። በረጅሙ ጎኑ 6.7 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በስፋት 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ25 ዋት ይህን ውሃ መሻገር ጎረቤትን በድምፅ ማጉያ ቡና እንደ መጥራት ነው።

ጀልባ ነጂው ጥፋተኛውን አስቀድሞ አግኝቷል። «አምባሰል ነው የሚይዘው፣ ወላሂ!» አለኝ። አምባሰል ምን አደረገ? ተራራው ከሐይቁ ውጭ ነው። እኛ የምንነጋገረው ከውሃ ዳር እስከ ውሃ መሀል ነው።

የባሕር ሬዲዮ የሚሠራበት ቪኤችኤፍ ሞገድ እንደ ዓይን ነው፤ በቀጥታ ያያል። የት ድረስ እንደሚያይ በግምት ለማወቅ የአንቴናውን ከፍታ በሜትር ወስዶ ስኩዌር ሩቱን በ4.1 ማብዛት ነው። የጀልባው አንቴና ከውሃው በላይ ሦስት ሜትር ነው፤ 7 ኪሎ ሜትር ያያል። ቆሞ የእጅ ሬዲዮ የያዘው ልጅ አንቴናው አንድ ሜትር ተኩል ላይ ነው፤ 5 ኪሎ ሜትር። ሲደመር 12። ሐይቁ አልቆ ይተርፋል። ስለዚህ ጥፋቱ ከመሬት ክብነትም ከተራራም አይደለም። ጀልባው ውስጥ ነው ብዬ ደመደምኩ። (ይህንን «ውስጥ» የሚለውን ቃል በኋላ አርመዋለሁ።)

ዛሬ ማስተላለፊያውን አልነካሁም። ማሰራጫ ያለ ፈቃድ አይከፈትም፤ ፈቃድ የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ልጆቹ ማመልከቻ አስገብተናል አሉ። «እስከ ዛሬ የተናገራችሁትን እኔ አልሰማሁም» አልኳቸው። «እኛም አልተሰማማንም» አለ አንዱ። ሳቅን።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ዛሬ ተሳሳትኩ። ቶሎ ልናገረውና ይውጣልኝ።

የአንቴናውን ገመድ ከሬዲዮው ነቅዬ በቴስተር ለካሁ። በመሀሉ ሽቦና በዙሪያው ባለው መረብ መካከል ቴስተሩ ጮኸ። ዜሮ ኦም። «ሾርት ነው፤ አንቴናው ሞቷል፤ አዲስ ግዙ» ብዬ በሙሉ ድምፅ ተናገርኩ። ሊቀ መንበሩ ብር ማስላት ጀመረ። እኔ ደግሞ ዳር ላይ ቡና የምታፈላዋ ሴትዮ ዘንድ ሄጄ ተቀመጥኩ።

ቶናው ላይ ስደርስ ነገሩ ትዝ አለኝ። ብዙ የባሕር አንቴናዎች ግርጌያቸው ላይ ትንሽ ጥቅል ሽቦ አለባቸው፤ መሀሉን ከመረቡ ጋር ያገናኛል። ለቴስተሩ ቀጥተኛ ኮረንቲ ይህ ሾርት ነው። ለ156 ሜጋኸርትዝ ሞገድ ግን አይደለም። ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ቴስተር በዚህ ጉዳይ ዳኛ መሆን አይችልም።

በረካውን ሳልጠጣ ተመለስኩ። «አንቴናው ላይሞት ይችላል» አልኩ። ሊቀ መንበሩ ምንም አላለም። አስተያየቱ ግን ይበቃል።

ሌላው የዛሬ ትርፍ ቀይዋ ቁልፍ ናት። ሬዲዮው ላይ በክዳን የተሸፈነች የአደጋ ቁልፍ አለች። ነጂው «ይህችን ብጫናት ማን ይመጣል?» አለኝ። እዚህ? ማንም። ቁልፏ በቻናል 70 በድምፅ ሳይሆን በዲጂታል ምልክት የእርዳታ ጥሪ ትልካለች። ያንን የሚሰማ ሬዲዮ በሌላው ጫፍ መኖር አለበት። ዳር ያለው የእጅ ሬዲዮ ይህ ችሎታ የለውም። ቁልፏ በደንብ እንድትሠራ ሬዲዮው ውስጥ ዘጠኝ አሃዝ ያለው መለያ ቁጥር መግባትም አለበት። የአገር መለያው ሦስት አሃዝ ነው። የኢትዮጵያ 624 ነው። ባሕር ባይኖረንም ቁጥሩ አለን። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ከሬዲዮው ይልቅ በቁጥሩ ተደሰቱ።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ደሴ ካለ ወዳጄ ናኖቪኤንኤ ተዋስኩ። ስልክ የምታክል መለኪያ ናት። አንቴናው የተሰጠውን ኃይል ምን ያህል እንደሚመልስ ታሳያለች። ልኬቱ ኤስደብሊውአር ይባላል። 1 ከሆነ ሁሉም ሄዷል። 2 ከሆነ 11 ከመቶው ይመለሳል። 3 ከሆነ ሩቡ ተመልሷል ማለት ነው።

ከሬዲዮው በኩል ለካሁ። በቻናል 16፣ ማለትም በ156.8 ሜጋኸርትዝ፣ 1.4።

1.4 ቆንጆ ነው። ልጆቹ አጨበጨቡ። ሊቀ መንበሩ «ታዲያ አዲስ ግዙ ያልከን?» አለ። አንገቴን ደፋሁ።

ግን መስመሩ ደስ አላለኝም። ደህና አንቴና በሚሠራበት አካባቢ ጎድጎድ ይላል፤ ከዚያ ግራና ቀኝ ይወጣል። ይኼኛው ከ140 እስከ 175 ሜጋኸርትዝ ድረስ ሜዳ ነው። እንደ ቦርከና ሜዳ የተዘረጋ። ሁሉንም እኩል የሚወድ አንቴና አላውቅም።

አንቴናውን ከገመዱ ጫፍ ፈታሁትና ባዶውን ገመድ ለካሁ። መጨረሻው ክፍት ስለሆነ የተላከው ሁሉ መመለስ አለበት። ቁጥሩ ሰማይ መንካት ነበረበት። ስምንት ሜትር ደህና አርጂ 58 ገመድ እንኳ በራሱ ጥቂት እየበላ ከ5 በላይ ያሳያል። የኛው 1.9 አለ።

እዚህ ጋ ገባኝ። ወደ አንቴናው የሚደርሰው ትንሽ ነው፤ የሚመለሰውም እየተመለሰ መንገድ ላይ ያልቃል። መለኪያው ሬዲዮው ጋ ተቀምጦ «ምንም አልተመለሰም፤ ጥሩ ነው» ይላል። የላካችሁት ልጅ ገንዘቡን መንገድ ላይ ጨርሶ መልስ ሳያመጣ ሲቀር «ሁሉንም ገዝቶበታል» ብሎ እንደ ማመን ነው። 1.9 ማለት በአንድ ጉዞ 5 ዲሲቤል ገደማ ጠፍቷል። ከ25 ዋት አንቴናው ጋ የሚደርሰው 8 ዋት ብቻ ነው።

ገመዱን ከመቀመጫው ሥር ጎትተን አወጣነው። መሀሉ ላይ ትልቅ የናስትሮ እብጠት አለ። ስንፈታው ሁለት ሜትር ያህል የዲሽ ገመድ ተቀጥሎበታል። የዲሽ ገመድ 75 ኦም ነው፤ የሬዲዮው 50። ይህ ብቻውን ብዙም አይጎዳም። ጉዳቱ ከናስትሮው ሥር የገባው ውሃ ነው። መረቡ እንደ ክር ውሃ ይስባል፤ ከመቀጠያው ሜትር ሙሉ ርቄ ስቆርጠው እንኳ መዳቡ ጥቁር ነበር። አንቴናው ሥር ያለው መሰኪያም አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። የቀጠለውን ሰው አልወቅስም። ገበያ ላይ ያገኘውን ነው የቀጠለው።

አንድ ነገር ግን አልገጠመልኝም። 8 ዋት እኮ ለዚህ ሐይቅ ይበቃል። በ1 ዋትም መሻገር ነበረበት። ገመዱ በሽተኛ ነው፤ ገዳዩ ግን እሱ አይደለም።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

«በጥቅምት አንድ አጥንት» ያለ ሰው ሐይቅ ዳር ቆሞ ሶልደር ለማድረግ ሞክሮ ይሆናል። ነፋሱ ይቆርጣል። መበየጃው አይግልም።

አዲሱ ገመድ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣ፤ አርጂ 213፣ የትንሿ ጣት ያህል ወፍራም። ለስምንት ሜትር የሚያባክነው 0.7 ዲሲቤል ገደማ ነው። ከተላከው 85 ከመቶው ይደርሳል።

ፒኤል 259 የሚባለውን መሰኪያ የበየደ ሁሉ የሚሠራው አንድ ስህተት አለ። እኔም ሠራሁት። ነፋሱን በእንጀራ ምጣድ ክዳን ከልለን፣ አሙቀን፣ አቅልጠን፣ ሲያምር ጨረስን። ዞር ስል የመሰኪያው ውጫዊ ቀለበት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ቀለበቱ ገመዱ ውስጥ መግባት ያለበት ከብየዳው በፊት ነው። አፍርሼ እንደገና። በሁለተኛው ሙከራ ፕላስቲኩ ቀለጠ። ሦስተኛው ያዘ። ትርፍ መሰኪያ ግዙ ያልኩበት ምክንያት ይኸው ነው።

ከዚያ ራሱን የሚያጣብቅ የጎማ ቴፕ፣ በላዩ ናስትሮ። ገመዱን አንቴናው ሥር ወደ ታች ጎበጥ አድርገን አሰርነው፤ ውሃ ወደ መሰኪያው ሳይደርስ እንዲንጠባጠብ።

ልኬት፦ ከአንቴናው ጋር 1.3፣ መሀሉ ደህና አድርጎ ጎድጉዷል። ባዶው ገመድ 12። አንቴናው በሕይወት ነበር። ሊቀ መንበሩን ይቅርታ ጠየቅኩ። «አብሽር» አለኝ።

ፈቃዱም ሰሞኑን ደርሷል። ቢሆንም መጀመሪያ በዳሚ ሎድ ሞከርኩ። ይህ ኃይሉን ወደ ሙቀት ቀይሮ የሚበላ 50 ኦም ተከላካይ ነው፤ ወደ አየር አይለቅም። 1 ዋት ላይ አድርጌ የመናገሪያውን ቁልፍ ስጫን ደህና ነው። 25 ላይ አድርጌ ስጫን ሬዲዮው ጠፋ። ስለቅ በራ። ስጫን ጠፋ።

ነጂው «እሱማ ሁልጊዜ ነው» አለ። ሁልጊዜ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም ይህን አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

ቴስተሩ እዚህ ላይ ክብሩን መለሰ። ስጫን ባትሪው ላይ 12.4 ቮልት አለ። በዚያችው ቅጽበት ሬዲዮው ጀርባ 10.7። የዚህ ዓይነት ሬዲዮዎች የሚፈልጉት 13.8 ቮልት ነው፤ ብዙዎቹ ከዚያ 15 ከመቶ ዝቅ ቢል ይታገሳሉ። ያ 11.7 ነው። 1.7 ቮልት የት ገባ? ሽቦው ውስጥ። ከባትሪው ሬዲዮው ድረስ የተዘረጋው የአምፖል ሽቦ ነው፣ ውፍረቱ 0.75 ስኩዌር ሚሊ ሜትር። ስድስት ሜትር ሄዶ ስድስት ይመለሳል። በ25 ዋት ሲያስተላልፍ ሬዲዮው አምስት ተኩል አምፔር ገደማ ይስባል። ለአንድ አምፖል የተሠራ ሽቦ ያንን አይሸከምም።

በ4 ስኩዌር ሽቦ ቀየርነው፤ ፊውዙን ባትሪው አጠገብ አደረግን። አሁን ስጫን 12.1። አይጠፋም።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ውሃ ላይ ወጣን።

የሙከራው ደንብ ይህ ነው። ሁልጊዜ በ1 ዋት። በ25 ብንሞክር ጉድለቱ ይደበቃል። እያንዳንዱ ቦታ ላይ ሞተር ጠፍቶ፣ ከዚያ ሞተር በርቶ። የሚናገረው ከአንድ እስከ አሥር ቀስ ብሎ ይቆጥራል። የሚሰማው ከ5 ነጥብ ይሰጣል፤ 5 ጥርት ያለ፣ 1 ማን እንደሆነም የማይለይ። እኔ ጀልባው ላይ ደብተር ይዣለሁ፤ ዳር ያለውም ልጅ ደብተር ይዟል። ማታ እናስተያያለን።

ከዳር አንድ ኪሎ ሜትር፦ 5 በ5። እስከ ሁለት ኪሎ ሜትር፦ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ዝም። ሙሉ በሙሉ ዝም። በ25ም ሞከርኩ፤ መልስ የለም። ልቤ ወደቀ። አዲስ ገመድ፣ አዲስ ሽቦ፣ ያው ዝምታ።

ተመለስን። ልጁ ደብተሩን አሳየኝ። ሁሉንም ጽፎታል። መሀል ሐይቅ 4። ከአርዲቦ ሐይቅ የሚመጣው አንክዋርቃ ወንዝ የሚገባበት ጥግ 3። «ስመልስላችሁ ለምን ዝም ትላላችሁ?» ብሎ ተቆጣን።

እነሱ ይሰሙናል። እኛ ነን የማንሰማቸው። ጆሮው ነው የተደፈነው።

ሬዲዮውን አየሁት። ስኩዌልች የሚባለው ማዞሪያ፣ ባዶውን ሹክሹክታ የሚያፍነው፣ እስከ መጨረሻው ዞሯል። እስከዚያ ሲዞር ደካማ ድምፅንም አብሮ ያፍናል። ነጂውን ጠየቅኩት። «ስመልሰው ይጮሃላ!» መለስኩት። ጮኸ። እንደ ጋለ ዘይት ተንጫጫ።

ሞተሩ ጠፍቷል። ታዲያ ምን ይጮሃል? አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመርኩ። ጣሪያው ሥር ያሉትን ሁለት ኤልኢዲ መብራቶች ሽቦ ስነቅል ጸጥ። ስመልስ ጩኸት። ቀን ስለሆነ መብራታቸውን ማንም አላስተዋለም። ቀን ለምን በሩ? የቀድሞው ጠጋኝ ከሬዲዮው ማብሪያ ጋር አገናኝቷቸዋል። ሬዲዮው ሲበራ አብረው ይበራሉ።

ርካሽ ኤልኢዲ ውስጥ ቮልቴጁን የምታስተካክል ትንሽ ሰርኪዩት አለች። በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ታበራለች፣ ታጠፋለች፤ ያ ሬዲዮ ሞገድ ይረጫል። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በ2018 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ጉዳይ ለመርከበኞች ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ሙከራው ቀላል ነው። ሰው የሌለበት ቻናል ላይ መብራቱን አጥፍቶ ስኩዌልቹን ጸጥ እስኪል ብቻ ማዞር። ከዚያ መብራቱን ማብራት። ሬዲዮው መንጫጫት ከጀመረ ጥፋተኛው ተገኘ።

መብራቶቹን ለብቻቸው ማብሪያ አደረግንላቸው። አንቴናው አጠገብ የነበረውን ወደ ፊት አዛወርን። ስኩዌልቹን ወደ ታች መለስን። እየመሸ ነው፤ መሀል ድረስ ብቻ ሄድን። ልጁን ሰማነው። ነጂው ማይኩን አፉ ውስጥ ከትቶ «ሰማሁህ! ሰማሁህ!» እያለ ጮኸ። ማይክ ከአፍ አምስት ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ በተራ ድምፅ ሲናገሩበት ነው የሚጠራው። ይህን ለማስተማር ግን ከሽቦው የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

የቀረችው አንዲት ጥያቄ ናት። ጥርት ያለ ቀጥታ መስመር ላይ፣ በአዲስ ገመድ፣ አንክዋርቃ ጥግ ለምን 3 ብቻ?

ዛሬ ጀልባው ላይ አልወጣሁም። ዳር ከልጁ ጋር ቆምኩ። ፀሐይ ስለበረታ ልጁ ትኬት የሚቆርጥባት ኪዮስክ ውስጥ ገባ። ግድግዳዋ ቆርቆሮ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ። የእጅ ሬዲዮዋም እዚያው ውስጥ ቻርጀሯ ላይ ቁጭ ብላለች። ጀልባው ጠራ፤ 3። ሬዲዮዋን ይዤ ሦስት እርምጃ ወጣሁ፤ 5። ገባሁ፤ 3።

ቆርቆሮ ቤት ለሬዲዮ ማለት የተከደነ ድስት ነው። ስለዚህ ጥቅምት 8 ላይ «ጀልባው ውስጥ» ያልኩትን እዚህ አርሜዋለሁ። ሁለት ጫፍ ያለውን ነገር አንዱን ጫፍ ብቻ ስፈትሽ ወር አለፈኝ።

ስድስት ሜትር የባሕር ዛፍ እንጨት ተከልን፤ ጫፉ ላይ ሁለተኛ አንቴና፣ የተረፈውን አርጂ 213 ወደ ኪዮስኩ። ከዚያ ዙሩን ሁሉ እንደገና በ1 ዋት። መሀል ሐይቅ 5። አንክዋርቃ ጥግ 5። ሞተር ሲበራም አልቀነሰም።

ከእስጢፋኖስ ገዳም ጀርባ ብቻ 3። ገዳሙ ጥንት ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ቦታ ነው። ኮረብታውና ዛፉ በእኛና በምሰሶው መካከል ይገባሉ። ይህ ጥላ እውነተኛ ጥላ ነው፤ በ25 ዋት 4 ይሆናል፤ ይበቃል። ነጂው በድል ተመለከተኝ። «ተራራ ይይዛል አላልኩህም?» አልክድም፤ በዚህች አንዲት ቦታ ልክ ነው።

ገዳሙ ወደብ ላይ አንድ አባት ቆመው ያዩናል። «ምን ትቆጥራላችሁ ልጆቼ፣ ከአንድ እስከ አሥር እየመላለሳችሁ?» አሉን። ሬዲዮ እየሞከርን ነው አባ አልናቸው፤ ድምፅ የት ድረስ እንደሚሄድ። አሰቡና «የኛ ደወል ያለ ባትሪ ይሰማል» አሉ።

ቀሪ ሥራ ጥቂት ነው። ርካሾቹን ኤልኢዲዎች በደህና መቀየር፤ ሊቀ መንበሩ ገንዘብ ሲገባ አለ። የምሰሶውን ገመድ መግቢያ በሲሊኮን መድፈን። ክረምት ሲወጣ ባዶውን ገመድ እንደገና መለካት።

ለዚያ እንዲረዳ የመቀመጫው ሳጥን ክዳን ውስጠኛ ክፍል ላይ በማርከር ጻፍኩ፦ «አንቴናው ተፈትቶ፣ 12። ሬዲዮው ጀርባ ሲጫን፣ 12.1 ቮልት።» የሚመጣው ባለሙያ ከምን እንደሚነሳ ይወቅ። ልጆቹ ከሥሩ ስልክ ቁጥሬን ጨመሩበት።